ኤቫ ጋርድነርን ያበቀለ የትንባሆ አገር

ስለ ሆሊዉድ ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ካሊፎርኒያ ነው። የፊልሞቹ ፋብሪካ ያለው በዚያ ስለ ሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ፋብሪካው ያለበት አገር ሌላ፣ ጥሬ ዕቃው የሚገኝበት አገር ሌላ ነው። በሲኒማ ሸራ ላይ ሲያበሩ ያየናቸው ኮከቦች ብዙዎቹ የመጡት ስማቸው በካርታ ላይ በጭንቅ ከሚገኝ መንደሮች ነው። ከእነርሱም አንዲቱ፣ በዘመንዋ ከዓለም ቆንጆዎች ሁሉ የላቀች ናት እየተባለ ብዙ የተጻፈላት ኤቫ ጋርድነር ናት። እርስዋ የተወለደችው ከካሊፎርኒያ በተቃራኒው የአሜሪካ ጠርዝ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በጆንስተን አውራጃ፣ ግራብታውን በምትባል የትንባሆ ገበሬዎች መንደር ነው።

ባለፈው ክረምት ለመምህራን የተሰናዳ አጭር ትምህርት ለመከታተል በግዛቱ ዋና ከተማ በራሊ ጥቂት ሳምንታት ተቀምጬ ነበር። ከዕረፍት ቀኖቼም አንዱን ይህን አገር ለማየት አዋልሁት። ለአንባብያን የማቀርበው በዚያ ቀን ያየሁትንና ስለ ተዋናይዋ ሕይወት የተማርሁትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለጥ ያለ አገር

ከራሊ እስከ ስሚዝፊልድ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ አገሩም ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ ተራራ እያየ ያደገ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። አንድ ጊዜ ረዣዥም የጥድ ዛፎች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘጉታል፤ ወዲያው ደግሞ ደኑ ይከፈትና የትንባሆ፣ የጥጥ፣ የአኩሪ አተርና የስኳር ድንች ማሳ ይታያል። አፈሩ አሸዋማ ነው። አየሩ በዚያ ወራት ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ርጥበቱ ያስጨንቃል፤ ሸሚዝ ከገላ ጋር ይጣበቃል።

ስሚዝፊልድ ኒውስ በሚባለው ወንዝ ዳር በ1777 የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዋ ቍጥር ከ11 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር። ማርኬት በሚባለው ዋና መንገድ ላይ በ1921 የታነጸው የአውራጃው ፍርድ ቤት ከነምሰሶዎቹ ቆሞ ይታያል፤ ዙሪያውን በቀይ ጡብ የተሠሩ ዝቅ ዝቅ ያሉ ሱቆች አሉ። ከዚያም ጥቂት እርምጃ እልፍ ብሎ ቍጥሩ 325 በሆነው ቤት የኤቫ ጋርድነር ሙዚየም ይገኛል።

ወደ ሙዚየሙ ከመግባታችን በፊት ስለ ትንባሆ ጥቂት መናገር ይገባል፤ ያለ ትንባሆ የዚህን አገር ሰው ማወቅ አይቻልምና። ቅጠሉ ከሥር ወደ ላይ እየበሰለ ስለሚሄድ በአንድ ጊዜ አይለቀምም። ለቃሚው በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ጎንበስ ብሎ በየጊዜው የበሰለውን ብቻ እየለየ ይቀነጥሳል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ሙጫም እጁን ያጠቍረዋል። በቀድሞው ዘመን ከዚያ በኋላ ቅጠሉ በዘንግ ላይ ይታሰርና ረዘም ባለ የእንጨት ቤት ውስጥ ይሰቀል ነበር። ሙቀቱ በብረት ቱቦ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ጭሱ ግን ቅጠሉን አይነካውም ነበር። እሳቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ሌሊትና ቀን ይጠበቅ ነበር። በዛ ቢል ቅጠሉ ይበላሽ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ቤቱ ከነምርቱ ይጋይ ነበር። ይህ ሁሉ አልፎ ወርቅ የመሰለው ቅጠል ወደ ጨረታ በሚቀርብበት ቀን ዋጋውን የሚቈርጠው ገበሬው ሳይሆን ገዢው ነበር። መሬት የሌለውማ እኩል አራሽ ስለ ነበር፣ ካገኛት ላይ ደግሞ የባለ መሬቱን ድርሻ ይከፍል ነበር።

መንግሥት የትንባሆውን መጠን በኮታ እየወሰነ ዋጋውን ይደግፍበት የነበረው አሠራር በ2004 በወጣ ሕግ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትንንሽ ገበሬዎች ትንባሆውን ትተውታል። በየማሳው መካከል ጣራቸው የጎበጠ፣ ሐረግ የወጣባቸው አሮጌ የማድረቂያ ቤቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

የመምህራኑ ቤት

ግራብታውን ከስሚዝፊልድ ወደ ምሥራቅ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኤቫ ላቪኒያ ጋርድነር በዚያ የተወለደችው በ1922፣ ዲሴምበር 24 ቀን፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ነው። ለወላጆችዋ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረች። አባትዋ ጆናስ ጋርድነር የትንባሆ ገበሬ ነበሩ፤ እናትዋ ሜሪ ኤልሳቤጥ ሲሆኑ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ሞሊ እያለ ነው።

ልጆቹ ገና ሳያድጉ ቤተ ሰቡ የነበረውን ንብረት አጣ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሞሊ በቅርብ ባለው በብሮግደን ትምህርት ቤት የመምህራን ማደሪያ ውስጥ ወጥ ቤትና የቤት አስተዳዳሪ ሆነው ተቀጠሩ። ለቤተ ሰቡም መኖሪያና ምግብ በዚያው ተገኘ። አባትዮው በሰው መሬት ትንባሆ ማምረታቸውን ቀጠሉ፤ ሥራ ሲጠፋም በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይውሉ ነበር።

እኔ መምህር በመሆኔ ሳይሆን አይቀርም፣ ከታሪክዋ ሁሉ ይህ ክፍል ልቤን ነካው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ገጠር የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ያላገቡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በመንደሩ የሚከራይ ቤት ስለማይገኝ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች በአጠገባቸው የመምህራን ማደሪያ ይሠሩላቸው ነበር። በገጠር ትምህርት ቤት ተመድቦ የመጀመሪያ ደመወዙን እስኪቀበል ድረስ የሰው ቤት ያንኳኳ መምህር ሁሉ የዚህን ቤት ዋጋ ያውቃል። ኤቫ ከሕፃንነትዋ ጀምሮ ያደገችው እንግዲህ በሁለት ዓለም መካከል ነው። በአንድ በኩል ባዶ እግርና የትንባሆ ማሳ፣ በሌላ በኩል ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን የተማሪ ደብተር የሚያርሙ ሴቶች ነበሩ።

ይህም ቢሆን አልዘለቀም። በ1930ዎቹ ዓለምን ባስጨነቀው የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ማደሪያው ተዘጋ። ቤተ ሰቡም ወደ ጎረቤቱ ግዛት ወደ ቨርጂኒያ ተሻግሮ በኒውፖርት ኒውስ የወደብ ከተማ ተቀመጠ፤ እናትየዋም ለመርከብ ሠራተኞች የሚከራይ ቤት አስተዳዳሪ ሆኑ። አባትዮው በዚያ ታመው በ1938 ሞቱ። በዚያን ጊዜ ኤቫ ገና 15 ዓመትዋ ነበር። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመልሰው፣ በዊልሰን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሮክ ሪጅ ሌላ የመምህራን ማደሪያ ያዙ። ኤቫ በ1939 በዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትዋን ጨረሰችና በዊልሰን በነበረው አትላንቲክ ክርስቲያን ኮሌጅ ገብታ የጸሐፊነት ሙያ፣ ማለት የጽሕፈት መኪናና አጭር ጽሕፈት መማር ጀመረች። ይህን ጽሑፍ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የሚያነብ ወጣት ጸሐፊ ካለ፣ ኤቫ ጋርድነር የሙያ ባልደረባው ለመሆን ጥቂት ብቻ ቀርቷት እንደ ነበረ ይወቅ።

በመስኮት የታየው ፎቶግራፍ

የእድል መንገዱ የተከፈተው በታላቅ እኅትዋ በቢያትሪስ በኩል ነው። ቢያትሪስ በ19 ዓመት የምትበልጣትና በኒው ዮርክ የምትኖር ነበረች፤ ባልዋ ላሪ ታር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ኤቫ ልትጠይቃቸው በሄደች ጊዜ አማችዋ ፎቶግራፍ አነሣትና በአምስተኛው ጎዳና በነበረው ሱቅ መስኮት ውስጥ አኖረው።

ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የፊልም ኩባንያ እናት ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ሠራተኛ በዚያ ሲያልፍ ሥዕሉን አየ። የልጅቱን አድራሻ ለማግኘት ብሎም ሰው መሆኑን ሳይሆን ኩባንያውን በማስቀደም ሥዕሉ ወደ ሜትሮ ቢላክ መልካም ነው አለ። አድራሻውን አላገኘም፤ ላሪ ታር ግን ነገሩን ከልቡ ተቀብሎ ሥዕሎችዋን ለኩባንያው ላከ። እንዲህ የአንድ ጎረምሳ ምኞት፣ ለራሱ ሳይሆንለት፣ ለዓለም ሲኒማ ኮከብ አስገኘ።

በ1941 በኒው ዮርክ የሙከራ ፊልም ተነሣች። ኩባንያው ግን ወደ ካሊፎርኒያ የላከው ፊልሙን ያለ ድምፅ ነው። ምክንያቱም የትንባሆ አገር አነጋገርዋ የማይሰማ መስሎ ስለ ታያቸው ነው። ካሊፎርኒያ ያሉት አለቆችም ፊትዋን ብቻ አይተው ውል እንድትፈርም አደረጉ። ውሉ ሰባት ዓመት ሲሆን ደመወዙ በሳምንት 50 ዶላር ነበር።

የተዋሰችው ድምፅ

የጆንስተን አውራጃ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር ቃሉን ያስረዝመዋል፤ በሌላ ቦታ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቀውን ቃል እርሱ ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። እኔም በስሚዝፊልድ ቁርስ በበላሁበት ቤት አስተናጋጅዋ ያለችኝን ለመረዳት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከለመድሁት በኋላ ግን እጅግ ደስ የሚል፣ የማይቸኩል ሰው አነጋገር ሆኖ አገኘሁት።

ሜትሮ ግን ለኤቫ መጀመሪያ ያደረገላት ነገር የንግግር አስተማሪ መቅጠር ነው። በዚያ ዘመን የፊልም ኩባንያ ተዋናዩን በውል ከያዘው በኋላ የሚጫወተውን ይመርጥለታል፣ ልብሱንና ጠጉሩን ይወስንለታል፣ ከፈለገም እንደ ኪራይ በቅሎ ለሌላ ኩባንያ ያከራየዋል። ኤቫ አምስት ዓመት ያህል በጥቃቅን ቦታ፣ አንዳንድ ጊዜም ስምዋ ሳይጻፍ፣ ስትታይ ቆየች። ስምዋ የተነሣው በ1946 ሜትሮ ለዩኒቨርሳል ባከራያት ጊዜ፣ በኧርነስት ሄሚንግዌይ አጭር ታሪክ ላይ በተመሠረተው «ዘ ኪለርስ» (ገዳዮቹ) በተባለው ፊልም ነው። በዚህ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ ከታየው ከበርት ላንካስተር ጋር ተጫውታ፣ ወንዶችን ወደ ጥፋት የምትመራ ሴት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ሁሉ የሚፈልጋት ሰው ሆነች።

የድምፁ ነገር ግን አልቀረም። በ1951 ሜትሮ «ሾው ቦት» (የትርኢት መርከብ) የተባለውን የዘፈን ፊልም ሲሠራ፣ ጁሊ የተባለችውን ዘፋኝ ሆና እንድትጫወት ኤቫን መረጠ። ኤቫም ዘፈኖቹን በራስዋ ድምፅ ለመዝፈን ተለማመደች፤ ቀዳችም። ፊልሙ ሲወጣ ግን ተመልካቹ የሰማው አኔት ዋረን የተባለች ዘፋኝ ድምፅ ነው። የኤቫ ድምፅ የተገኘው ለገበያ በወጣው የሙዚቃ ሸክላ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ዘመን ከእርስዋ የፈለገው ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል፤ ፊትዋን ወሰደ፣ ድምፅዋን ግን ሁለት ጊዜ መለሰላት።

በዚሁ ፊልም ሌላ የሚያሳዝን ነገር ነበረበት። ጁሊ ነጭ የምትመስል፣ ነገር ግን ከዘርዋ ጥቍር ያለባት ሴት ናት፤ ነጭ በማግባትዋ ሕግ ጥሳለች ተብላ ከመርከቡ ትባረራለች። ይህን ቦታ በ1946 በወጣ በሌላ የሜትሮ ፊልም ውስጥ በአጭሩ ተጫውታ ያሳየች ጥቍር አሜሪካዊት ዘፋኝ ነበረች፤ እርስዋም የኤቫ ጓደኛ ሊና ሆርን ናት። ሊና ቦታውን ትፈልገው ነበር፤ አላገኘችውም። የፊልም ኩባንያዎቹ ያወጡት ደንብ የነጭንና የጥቍርን ፍቅር ማሳየት ይከለክል ነበርና። ጋብቻውንም የሚከለክሉት ሕጎች፣ በሰሜን ካሮላይና የነበረው ጭምር፣ የወደቁት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 በሰጠው ፍርድ ነው።

ስሚዝፊልድም ከዚህ ነገር የነጻች አልነበረችም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ እስከ 1977 ድረስ፣ በከተማዋ መግቢያ መንገድ ላይ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር አባላትን የሚጠራበትና መንገደኛውን እንኳን ወደ ስሚዝፊልድ መጣህ የሚልበት ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። ዛሬ ሰሌዳው የለም። እኔም ጥቍር መንገደኛ ሆኜ በዚያው ከተማ ስዞር ሰው ሁሉ በፈገግታ ተቀበለኝ፤ ነገር ግን የአገርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውም። ኤቫን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በረዳትነትና በወዳጅነት አብራት የኖረችው ሚሪን ጆርዳን የተባለች ጥቍር አሜሪካዊት ናት። ይህችው ሴት አብረው ያሳለፉትን ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ በ2012 አሳትማለች።

ከአፍሪካ እስከ ሜክሲኮ

ኤቫ ልጅ ሳለች እናትዋ ክላርክ ጌብል የተጫወተበትን «ሬድ ደስት» (ቀይ አቧራ) የተባለ የ1932 ፊልም ሊያሳዩዋት ወስደዋት ነበር። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ሜትሮ ያንኑ ታሪክ ከኢንዶቻይና ወደ አፍሪካ አዛውሮ «ሞጋምቦ» በሚል ስም እንደ ገና ሠራው። ወንዱን ሆኖ የተጫወተው ያው ክላርክ ጌብል ነው፤ ከፊቱ የቆመችው ግን አሁን ኤቫ ነበረች። እናትዋ ይህን ለማየት አልታደሉም፤ በ1943 ሞተው ነበር።

«ሞጋምቦ»ን ያዘጋጀው ጆን ፎርድ ነው። ፊልሙ ከ1952 መጨረሻ እስከ 1953 በኬንያ፣ በታንጋኒካና በኡጋንዳ ተነሣ፤ ግሬስ ኬሊም አብራ ተጫውታለች። ጊዜው እንግሊዞች በኬንያ በማውማው ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጁበት ጊዜ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን ይህ አይነሣም፤ አፍሪካውያኑም ተሸካሚና ጀልባ ቀዛፊ ሆነው ከኋላ ያልፋሉ። የዛሬ ተመልካች ይህን ሳያስተውል ሊያልፈው አይችልም። የሆነ ሆኖ ኤቫ በዚህ ፊልም ቀልደኛ፣ ደፋርና ልብዋ የተጎዳ ሴት ሆና እጅግ ጥሩ አድርጋ ተጫውታለች። በሕይወትዋ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለኦስካር ሽልማት የታጨችውም በዚሁ ሥራ ነው። ሽልማቱን የወሰደችው «ሮማን ሆሊዴይ» በተባለው ፊልም የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን ናት።

ጋዜጦች ከሥራዋ ይልቅ ትዳርዋን ማውራት ይወዱ ነበር። ከተዋናዩ ከሚኪ ሩኒ፣ ከሙዚቀኛው ከአርቲ ሾውና ከዘፋኙ ከፍራንክ ሲናትራ ጋር ሦስት ጊዜ ተጋብታ ሦስቱም ፈርሰዋል። ስለዚህ ነገር የተጻፈው ስለሚበቃ እኔ አልጨምርበትም።

በ1954 በኢጣልያ በተነሣው «ዘ ቤርፉት ኮንቴሳ» (ባዶ እግርዋ ባላባት) በተባለው ፊልም፣ ከድህነት ተነሥታ የሲኒማ ኮከብ የሆነች የእስፓኝ ዳንሰኛ ሆና ታየች። ይህች ሴት ጫማ ማውለቅ ትወድ ነበር። በጆንስተን አውራጃ ያሉ ሰዎች ይህን ፊልም ሲያዩ የኖሩት የትወና ሥራ እንደሆነ ብቻ አድርገው አይመስለኝም።

በ1955 አሜሪካን ትታ ማድሪድ ገባች፤ በ1968 ደግሞ ወደ ለንደን ተዛወረች። በዚህ መካከል ሥራዋ አገር ለአገር አዞራት። «ቦዋኒ ጃንክሽን» በተባለው ፊልም (1956) በላሆር፣ «ኦን ዘ ቢች» በተባለው (1959) በሜልቦርን ተነሣች። ቀደም ብሎ በ1951 የወጣ ፊልም የተነሣባት ቶሳ ደ ማር የተባለች የእስፓኝ የባሕር ዳር ከተማም ዛሬ የነሐስ ሐውልትዋን ከኮረብታዋ ላይ አቁማላታለች።

ከፊልሞችዋ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ግን ጆን ሂውስተን በሜክሲኮ አዘጋጅቶ በ1964 ያወጣውን «ዘ ናይት ኦቭ ዘ ኢግዋና» (የኢግዋናው ሌሊት) የተባለውን ነው። ጠጉርዋ የተበታተነ፣ ሳቅዋ ከፍ ያለ፣ በባሕር ዳር ሆቴል የምታስተዳድር ባልዋ የሞተባት ሴት ሆና፣ ከሪቻርድ በርተንና ከዴቦራ ካር ጋር ተጫውታለች። እንግዳ ትቀበላለች፣ ትሳደባለች፣ ታበላለች፣ የወደቀውን ታነሣለች። በሙዚየሙ ከዚህ ፊልም የተነሣ ፎቶግራፍ ፊት ቆሜ ያሰብሁት ስለ ሆሊዉድ አልነበረም። በብሮግደን፣ በኒውፖርት ኒውስና በሮክ ሪጅ ዕድሜያቸውን ሁሉ እንግዳ ሲያበሉ የኖሩትን ወይዘሮ ሞሊን ነው ያሰብሁት። ያ ሁሉ የንግግር ትምህርት አልፎ፣ ለሥራዋ በመጨረሻ የጠቀማት በእናትዋ ቤት ያየችው ይመስለኛል።

የአንድ ልጅ ፍቅር የሠራው ሙዚየም

ሙዚየሙ የተገኘበት ታሪክ ራሱ ፊልም ይወጣዋል። ኤቫ በዊልሰን ኮሌጅ የጽሕፈት መኪና ስትማር ሳለች፣ ቶማስ ባንክስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ እርስዋንና ጓደኞችዋን በግቢው ውስጥ እየተከተለ ያስቸግር ነበር። አንድ ቀን ኤቫ አሯሯጠችና ይዛ ጕንጩን ሳመችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጅቱ ከግቢው ጠፋች፤ ልጁም ወደ ሆሊዉድ መሄድዋን በጋዜጣ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እርስዋ የተጻፈውንና የተሣለውን ሁሉ መሰብሰብ ያዘ።

ቶማስ ባንክስ አድገው የሥነ ልቡና ዶክተር ሆኑ፤ አገቡም። ባለቤታቸውም ይህን ሥራ እንደ ራሳቸው አድርገው አብረው ሰበሰቡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዶክተሩ ኤቫ ያደገችበትን የብሮግደን የመምህራን ማደሪያ ገዝተው በየበጋው ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሙዚየም አደረጉት። በ1989 ባረፉ ጊዜ ባለቤታቸው ስብስቡን ለስሚዝፊልድ ከተማ ሰጡ። አሁን ወዳለበት ቤት የተዛወረው በ2000 ነው።

በውስጡ ጎብኚው በመጀመሪያ ስለ ሕይወትዋ የሚናገር አጭር ፊልም ያያል። ከዚያ በፊልም የለበሰቻቸውን ልብሶች፣ የየአገሩን የፊልም ማስታወቂያዎች፣ ደብዳቤዎችና የግል ዕቃዎችዋን እያየ ይዞራል። በርት ፋይፈር የተባለ የሆላንድ ሠዓሊ ለብዙ ዓመታት የሣላቸው ሥዕሎችዋም በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ጐብኚዎቹ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመስሉ ሁለት ልጆች ማስታወሻ ይዘው እያንዳንዱን ጽሑፍ ሲያነቡ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ማረፊያ

ኤቫ ጋርድነር በ1986 በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካልዋ ደከመ። በለንደን በ1990 ጃንዩወሪ 25 ቀን በ67 ዓመትዋ ሞተች። የቤት ሠራተኛዋንና የምትወደውን ውሻዋን ወስዶ በካሊፎርኒያ ያስተዳደረው የረዥም ጊዜ ወዳጅዋ ተዋናዩ ግሬጎሪ ፔክ ነው።

በማድሪድ፣ በለንደን ወይም በካሊፎርኒያ መቀበር ትችል ነበር። ሬሳዋ ግን ባሕር ተሻግሮ ወደ ስሚዝፊልድ ተመለሰና ሰንሴት በሚባለው መካነ መቃብር ከአባትዋና ከእናትዋ አጠገብ ተቀበረ። እኔም ከሙዚየሙ ወጥቼ ወደዚያ ሄድሁ። ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ነበር፤ ሣሩ አጭር ተደርጎ ታጭዷል። ከሩቅ የሚታይ ሐውልት የለም። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ስምዋ በሲኒማ ማስታወቂያ ላይ ከነበረው የሚለየው አንድ ቃል በመጨመሩ ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ ስምዋ ላቪኒያ ነው። ከጎንዋ ያሉት የትንባሆ ገበሬውና የመምህራን ወጥ ቤትዋ ናቸው።

ከአገር ቤት ወደ ትልቅ ከተማ ለትምህርት ወይም ለሥራ የመጣ ወጣት ሁሉ በአነጋገሩ የተሳቀበት አንድ ቀን አለው። ከዚያ ቀን በኋላ አብዛኛው ሰው አፉን መጠበቅ ይማራል፤ የመንደሩንም ቃል አንድ በአንድ ይጥላል። ኤቫ ጋርድነርን ሜትሮ እንዲህ አስተማራት፤ ዓለምም ስለ ፊትዋ ሲያወራ ስለ ድምፅዋ የጠየቀ አልነበረም። አንድ የገጠር አውራጃ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዴት ትናገር እንደ ነበር ያስታውሳል፤ ዛሬም በዚያው አነጋገር ታሪክዋን ለእንግዳ ይተርካል። እኔም ወደ ክፍሌ ከተመለስሁ ወዲህ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ለማንበብ ሲነሣና ጓደኞቹ መሣቅ ሲጀምሩ፣ እስኪጨርስ ድረስ በራሱ አነጋገር እንዲያነብ አደርጋለሁ። የሚስቁትንም ዝም አሰኛለሁ።